የስንዴው ሰልፍ ፎቶ

እናንተዬ፣ ነፃ ነገር ያሳፍራችኋል? እኔን ያሳፍረኛል። ባለሱቅ "ተወው፣ ይሁን" ካለኝ እንኳ ለሳምንት በዚያ በኩል አላልፍም። እንዲህ ያለ ሰው ፎቶ የሚያሰናዳበትን ፕሮግራም በነፃ ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው እንግዲህ ገምቱ።

መርሳ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ሠርግና ምርቃት አነሳለሁ። የድሮውን ፕሮግራሜን የጫነልኝ ወልድያ ያለ አንድ ኮምፒውተር ቤት ነው። የተሰረቀ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከፍዬበታለሁ፤ ስለዚህ አላፈርኩበትም። ጦርነቱ እኛ ድረስ መጥቶ ከተመለሰ በኋላ ላፕቶፑን ከጭድ ክምር ውስጥ አውጥቼ ብከፍተው፣ ፕሮግራሙ በኢንተርኔት አገናኘኝና ባለቤቴ ማን እንደሆነ ላጣራ ይለኝ ጀመር። ኢንተርኔት የለ። ባለቤቱም እኔ አይደለሁ። በዚሁ ተለያየን።

ደሴ የሚሠራ ጓደኛዬ ሌላ ፕሮግራም በፍላሽ ላከልኝ። ማንም እንዲወስደው፣ እንዲያባዛው፣ የቻለም ውስጡን ከፍቶ እንዲያሻሽለው ተብሎ የተሠራ ነው አለኝ። ስንት ነው ስለው፣ ምንም አለ። እነማን ሠሩት ስለው፣ በየአገሩ ያሉ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ከሥራ መልስ እየተቀመጡ አለኝ። ታዲያ ምን አስበው ነው? አሁንም ድረስ አልገባኝም።

በዚያ ሰሞን መርሳ ላይ በነፃ የሚገኘው ሌላ ነገር የእርዳታ ስንዴ ብቻ ነበር። ደመወዝ ከቆመ ቆይቷል። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ አዋጅ አውጃለሁ፤ የመምህር ቤት ነው፣ ሰልፍ አንቆምም ብዬ። ባለቤቴ አስካለ አልተከራከረችኝም። ዝም ስትል የተስማማች እየመሰለኝ ስንት ዘመን ኖርኩ።

ረጂው ድርጅት የስንዴውን ዕደላ ፎቶ እንዳነሳለት ጠየቀኝ። ትልቅ ባነር ላይ ታትሞ አስፋልቱ ዳር ስለሚሰቀል በሮው አንሳ አሉኝ። ሮው ማለት ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስና ሳይቀባባ የሚይዝበት ፋይል ነው። ሲያዩት ደብዛዛ ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ይዟል። ሰልፈኛው በሙሉ ጋቢውንና ነጠላውን እስከ አፍንጫው ስቧል። ብርድ ነው እንዳትሉ፣ መርሳ እንኳን ጋቢ ሸሚዝም የሚከብድባት አገር ናት። ፀሐይዋ ከኋላቸው ስለነበረች ፊታቸው ጨልሞ ቀረ።

ቤት ገብቼ በነፃው ፕሮግራም ከፈትኩት። ጥላ ያለበትን ቦታ ብቻ መርጣ የምታበራ አንዲት መስመር አለችው። ወደ ቀኝ መጎተት ነው። ጎተትኩ። ከአንድ ጋቢ ሥር አፍንጫ ወጣ። ተደሰትኩ፤ የከፈልኩበት እንኳ እንዲህ አያደርግም ነበር። ጨምሬ ጎተትኩ። ጋሽ ሰይድ ወጡ። የመርሳ ትልቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው በጦርነቱ ባዶውን ቀርቷል። ከእሳቸው ኋላ ራቅ ብለው የጎረቤቷ ከተማ የግራናው ሸህ እንድሪስ ወጡ። የሸህ እንድሪስ ልጅ የጋሽ ሰይድን ልጅ ዘሐራን ሊያገባ ቀን እየተቆረጠ ነው። ደስታዬ ቀዘቀዘ። እጄ ግን አልቆመም። ከሸህ እንድሪስ ኋላ፣ ከአንድ ነጠላ ውስጥ፣ አስካለ ቀጥ ብላ አየችኝ።

ቤታችን የምንበላውን ስንዴ እህቷ ከደሴ ላከችልን ብላኝ ነበር። እኔም የደሴ ስንዴ ይጣፍጣል እያልኩ ስበላ ከርሜያለሁ። ላፕቶፑን ዘጋሁት። ያፈርኩት በእሷ አይደለም። በዚያ ፀሐይ የሸፋፈናት የእኔ አዋጅ ነው።

በነጋታው ጋሽ ሰይድ መጡ። ስለ ጤናም ስለ ዝናብም አውርተን ስንጨርስ፣ ፎቶው ፊት ያወጣል ወይ አሉኝ። ሸህ እንድሪስ ከግራና ሲመጡ ባነሩን ያዩታል፤ ከለማኝ ቤት ልጅ አላጋባም ካሉ የዘሐራ ነገር አበቃ።

"አጥፋኝ፣ መምህር" አሉ። "ከነጭራሹ እንዳልተፈጠርኩ አድርገኝ።"

ሸህ እንድሪስ የመጡት በገበያው ቀን ነው። የእሳቸው ስጋት ደግሞ፣ ጋሽ ሰይድ ልጄን ለረሃብ አልሰጥም እንዳይሉ ነው።

"ሸፍነኝ ልጄ" አሉኝ። "አላህ ይሸፍንህ።"

ሁለቱም እዚያው ሰልፍ ላይ ቆመው አልተያዩም። መሸፋፈን እንዲህ ጥሩ ነው። ለአንዳቸውም የሌላኛውን አልነገርኩም።

አስካለ ምንም አልጠየቀችኝም። ሻይ አስቀምጣልኝ ስትመለስ ብቻ፣ ያ ፎቶ ብዙ ያሳያል አሉ አለች። ምንም አያሳይ፣ ጨለማ ነው አልኳት።

ፊታቸውን መልሶ ማጨለም ይበቃ ነበር ትሉኝ ይሆናል። መርሳ ግን ሰውን በትከሻውም ታውቃለች። ፕሮግራሙ ከአንዱ ቦታ ቀድቶ ሌላውን የሚሸፍን መሣሪያ አለው። ጋሽ ሰይድን በጆንያ ሸፈንኳቸው፤ ሸህ እንድሪስን በግድግዳ፤ አስካለን በባሕር ዛፍ። ደግነቱ፣ ወይም ክፋቱ፣ ፕሮግራሙ ዋናውን ፋይል አይነካም። የሸፈንኩትን ሁሉ ለብቻ መዝግቦ፣ ካሻህ እመልሳቸዋለሁ ይላል። ይህን ለሽማግሌዎቹ አልነገርኳቸውም። ጠፍተዋል ስላቸው ሁለቱም አልሐምዱሊላህ አሉ።

የድርጅቱ ሰው ፎቶውን አየና ሰልፈኞቹ ለምን እንደተራራቁ ጠየቀኝ። ለኮሮና ጥንቃቄ ነው አልኩት። በጣም ተደሰተ፤ ሌላ ቦታ ሕዝቡ ይህን አልሰማ ብሎን ነበር አለኝ።

ባነሩ ተሰቀለ። እንግዶቹ ከግራና ሲመጡ በሥሩ አለፉ። ኒካሑ ታሰረ። ሥጋው ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ ተሰናድቷል፤ ዳቦው ግን የጋራ ነው። ጋሽ ሰይድ ዳቦውን ራሳቸው እየቆረሱ አደሉ፤ ስንዴው ከሐራ፣ ከዘመድ ማሳ የመጣ ነው አሉ። ሸህ እንድሪስ ቀስ ብለው አኘኩ። የሐራ ስንዴ ያስታውቃል፣ እኛም ከዚያው ነው የምናስመጣው አሉ። አጠገባቸው ያለውም እንደዚያው አለ። ቀጥሎ ያለውም። ለካ ዳሱ ውስጥ ሐራ ላይ ዘመድ የሌለው ሰው የለም።

ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ የተማርክ ነህ፤ የሐራ ስንዴ ለምን እንዲህ እንደሚጣፍጥ ንገራቸው እስቲ።"

ስለ አፈሩ ጥቂት ማለት እችል ነበር። ከሴቶቹ በኩል አስካለን አየኋት፤ አቀርቅራ ዳቦዋን ታፈረፍራለች።

"እሱን እንኳ አላውቅም" አልኩ። "እኛ ቤት የምንበላው የእርዳታውን ነው። እሱም ልክ እንደዚህ ይጣፍጣል።"

አስካለ ቀና አለች። ያልኩት እሷ ቀና እንድትል ነው፤ ሌላው ሰው እንዴት እንደሚወስደው አላሰብኩበትም። ሸህ እንድሪስ ወፍራም ዳቦ ቆረሱና አጎረሱኝ።

"ብላ መምህር" አሉኝ አዝነው። "አይዞህ፣ ችግር ያልፋል።"

ጋሽ ሰይድም ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ስንመለስ አንድ ጆንያ ሙሉ ስንዴ አሸክመው ላኩልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መርሳ ላይ የእርዳታ ስንዴ የበላው እኔ ብቻ ነኝ።