አቶ ብርሃነመስቀል የእሬት ዘር ሲቆጥሩ

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ ዘር ቆጣሪ አይጠፋም። የእኛ የካይሮዎቹ፣ ክቡር አቶ ብርሃነመስቀል ናቸው። ከሰው ሲተዋወቁ ከስሙ በፊት አያቱን ይጠይቃሉ። «ጠጋ በል፤ ይህን አፍንጫ አውቀዋለሁ!» ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ ዘራቸውን ቆጥረው በስድስተኛው ቤት አገናኟቸው፤ ሠርጉ ቀረ። እኔንም ከማላውቃቸው የቡልጋ ቀኛዝማች ጋር አዛምደውኛል። እምቢ ለማለት አፍሬ ይኸው ዘመዳቸው ነኝ።

ሰው ሲያልቅባቸው ወደ ተክል ዞሩ። ማዓዲ ሰፈር ባለው ግቢያቸው ቢጫ የምታብብ የቆየች የግብጽ እሬት ነበረች። አጠገቧ ከወሎ በሻንጣ ያመጡትን አበባውም እሾሁም ቀይ የሆነ እሬት ተከሉ። ከዓመታት በኋላ ፍሬ ለቅመው፣ ማንም ሳያያቸው፣ በቆርቆሮ ዘሩ። ከዚያ የበቀለው በ1954 ዓ.ም. አበበ፤ አበባው ብርቱካንማ፣ የቅጠሉ እሾህ ቀይ።

«ዲቃላ ነው!» ብለው አወጁ። «አባቱ የእኛው ነው። እሾሁን እዩት፣ ቁርጥ ወሎ!»

«የሰው አልበቃ ብሎዎት የእሬት ሐሜት ጀመሩ?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋንታዬ።

ወሬው ደርሶት አንድ ግብጻዊ የዕፅዋት ሊቅ መጣ። እኛም ክት ልብሳችንን ለብሰን ተሰበሰብን። ሊቁ ቅጠሉን አገላብጦ፣ አበባውን ከሁለቱም ጋር አስተያይቶ፣ «እውነትዎን ነው፣ ወላጆቹ እነዚህ ናቸው» አለ። ጭብጨባችን ሳያባራ ለዲቃላው የስም ሰሌዳ አወጣ። «በእኛ ሥራ የእናት ስም ይቀድማል። ፍሬውን የያዘችው የትኛዋ ናት?»

ደነገጥን። በእኛ ቆጠራ የሚቀድመው አባት ነው፤ አቶ ብርሃነመስቀልም ስንት ወር ሙሉ የኮሩት በአባትነቱ ነው። ምስክር የለም። ሰው ፊት ተናግሬ የማላውቀው እኔ በአማርኛ አንሾካሾክሁ፦ «ጋሼ፣ ፍሬውን የያዘው የእኛው ነው ይበሏቸው።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ በዐረብኛ፣ «ፍሬውን ከግብጿ ላይ ነው የለቀምሁት» አሉ። «አሥር ዓመት ብቻዋን ስታብብ ፍሬ ይዛ አታውቅም። የወለደችው የእኛው ጎኗ ባበበ ዓመት ነው።»

«ያዕኒ፣ እንግዲህ ይህ ከእሾሁም የሚበልጥ ማስረጃ ነው!» አለ ሊቁ፤ የግብጿን አስቀድሞ፣ የእኛውን አስከትሎ ጻፈ።

«ማሌሽ፣ ይሁን እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ በንዴት፣ «አንድ ቀን እንኳ ለአገር ቢዋሹ ምን ነበረበት?»

«ዘር ላይ አይዋሽም።»

ዛሬ ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር እዚያ ግቢ ድረስ ጎትቼ የምወስደው እኔ ነኝ። «ሁለተኛውን ስም አንብቡ፣ የእኛ ነው!» እላለሁ፤ ድምፄንም ዝቅ አላደርግም።