ወደ ኋላ የማይሉት ሻለቃ

መሥሪያ ቤታችን ካስመዘገባቸው አንጸባራቂ ድሎች ሁሉ የሚልቀው፣ ከሞቱ ዘመን ያለፋቸውን ሻለቃ ማጀገኑ ነው። እርግጥ ሰውዬው ቀድሞም ጀግና ነበሩ፤ ነገር ግን ጀግንነታቸውን ያጸደቀው ኮሚቴ አልነበረም።

ወጣቱ ትውልድ ታሪኩን እየተጫወተ ይማር ዘንድ፣ ሻለቃው የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ እንዲሆኑ ተወሰነ። ጌሙን የሚሠራው ባለሙያ የሻለቃውን ሴት ልጅ ይዟቸው መጣ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የለመኑን አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባታቸው በጠላት ተከበው ሳለ፣ ወታደሮቻቸውን ድልድዩን አሻግረው ወደ ኋላ መልሰው አንድም ሰው ሳይሞት ለየቤቱ አብቅተዋል። እባካችሁ ይህቺን ብቻ አታጥፉብኝ ሲሉ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ኃላፊያችን ግን እንባ የሚያሸንፋቸው ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አውልቀው «ጀግና ወደ ኋላ አይልም» አሉ። እኔም ከሁሉ ቀድሜ አጨበጨብኩ፤ የሥራ መደቤ ነው። ወደ ኋላ የሚመልሰው ቁልፍ ከጌሙ እንዲወጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

«ክቡር ኃላፊ፣ ድልድዩ እኮ ከኋላ ነው» አለ ባለሙያው። «ከፊታቸው ያለው ገደል ነው።»

«ገደሉ ራሱ ያስብበት።»

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኃላፊያችን ስለ ወደፊት ጉዟችን ረጅም ንግግር አድርገው ሲያበቁ፣ መጫወቻውን በክቡር እጃቸው ያዙ። ሻለቃው ኮሚቴው በጨመረላቸው ሜዳሊያ አጊጠው፣ ደረታቸውን ነፍተው ወደፊት ገሰገሱ፤ ገሰገሱና ገደል ገቡ። ወታደሮቻቸውም ሥነ ሥርዓት ያላቸው ናቸውና ከሬዲዮ ተሸካሚው ጀምሮ ሰልፋቸውን ሳያበላሹ ተከተሏቸው። ሙዚቃው በጣም ደስ ይል ነበር።

«አሸነፍን?» አሉ ኃላፊያችን ወደ ባለሙያው ዞር ብለው።

የመለሱላቸው ከፊት ወንበር የተነሡት መምህርቷ ናቸው።

«ያ ሬዲዮ ተሸክሞ ከአባቴ ኋላ ገደል የገባው ወታደር አባትዎ ናቸው» አሉ ቀስ ብለው። «እናትዎን ያገቡት ድልድዩን ተሻግረው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው። እንግዲህ እርስዎ አልተወለዱም።»

ያልተወለደ ሰው ሥልጣን እንዲይዝ ደንባችን ስለማይፈቅድ፣ የኃላፊነቱ ወንበር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባዶ ነው። ሥራው ግን እንደ ወትሮው ቀጥሏል፤ ልዩነቱን ያወቀ ሰው የለም።