ምሰሶዎቹ ደጅ ቆመዋል

[አንድ ጠባብ ቢሮ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የሚንጫጫ ማራገቢያ። ቤቱን የነደፍኩት አርክቴክቱ እኔ ነኝ። ምሰሶዎቹን በራሱ ኮምፒውተር የሠራው መሐንዲስ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱን ንድፎች የኔ ስክሪን ላይ ደራርበናቸዋል። ቤቱ የእናቱ ነው፤ የኔ አማት መሆናቸው ነው። ዛሬ ሊያዩት ይመጣሉ።]

እኔ፦ ቤቱ እዚህ፣ ምሰሶው እዚያ! እነዚህ ምሰሶዎችህ ደጅ ምን ይሠራሉ?

መሐንዲሱ፦ ቆመዋል።

እኔ፦ መቆማቸውንማ አያለሁ! ግን ባዶ ሜዳ ላይ ነው የቆሙት!

መሐንዲሱ፦ ጋሼ፣ በእኔ ኮምፒውተር ላይ እኮ ልክ ናቸው።

እኔ፦ አንተ ጋ ቤቱ የለማ! ቤት የሌለው ምሰሶ ምን ጊዜም ልክ ነው። ስማኝ፣ በቀላሉ ላስረዳህ።

መሐንዲሱ፦ [ወንበሩን አመቻችቶ] እሺ።

እኔ፦ ያንተ ፕሮግራም ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ነው የሚለካው። የኔም እንደዚሁ። መነሻቸው አንድ ካልሆነ አይገናኙም። “ከሱቁ ተነስተህ ሃያ እርምጃ ሂድ” ስልህ ከጫማ ጠጋኙ ተነስተህ ብትሄድ የት ትደርሳለህ?

መሐንዲሱ፦ ሱቁ ግን ሰሞኑን ቦታ አልቀየረም?

እኔ፦ ምሳሌ ነው እኮ! የምን ቦታ መቀየር!

መሐንዲሱ፦ እሺ። ቀያሹ የሰጠን የግቢው ካርታ ላይ ብናየውስ?

እኔ፦ ያንን ካርታ አጥፋው ብዬሃለሁ፤ ውበቱን ይሸፍንብኛል። ይሄ እኮ ጥርሴን የነቀልኩበት ሥራ ነው! ደግሞ እማማ ዛሬም ካልገጠመ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብለዋል። ድሮም በጎሪጥ ነው የሚያዩኝ። ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ “ሰውየው ሥራው ምንድን ነው?” እንዳሉ ነው።

መሐንዲሱ፦ እኔንም ይጠይቁኛል።

እኔ፦ ምን ትላቸዋለህ?

መሐንዲሱ፦ ያስረዳል እላቸዋለሁ።

[ሁለታችንም አቀርቅረን ኪቦርድ እንቀጠቅጣለን።]

እኔ፦ አሁን ገጠ... ኧረ! በዚያኛው በኩል ወጡ! ምን ነካህ?

መሐንዲሱ፦ ስትቆጣ ጊዜ ምሰሶዎቹን ወዳንተ አመጣኋቸው። አንተስ?

እኔ፦ [ጉሮሮዬን ጠርጌ] እኔማ... ስትንቀራፈፍብኝ ጊዜ ቤቱን ወዳንተ ወሰድኩት።

መሐንዲሱ፦ ተላለፍን ማለት ነው።

እኔ፦ በቃ! እጅህን ኪስህ ክተት! ቤቱን ወደነበረበት ልመልሰው... ቀስ... ቀስ... ገባ! እያንዳንዱ ምሰሶ ግድግዳው ውስጥ! አየህ? ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው!

መሐንዲሱ፦ [እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ] ጋሼ፣ አሁን ካርታውን ላብራው?

እኔ፦ አብራው! ዛሬ ምን ይሸፍናል!

[ካርታው በራ። አጥር ታየ፣ በር ታየ። ቤታችን ከነምሰሶው ከአጥሩ ወዲያ ነው።]

እኔ፦ ይሄ የማን ግቢ ነው?

መሐንዲሱ፦ የጎረቤታችን። እማዬ ሰላም የማትለው ሰውዬ።

እኔ፦ ቤቱን እዚህ ምን አመጣው?

መሐንዲሱ፦ አንተ ነህ። የዛሬ ሳምንት “ስክሪኑ ዳር ሆነብኝ፣ መሃል ሲሆን ያምራል” ብለህ ጎተትከው።

እኔ፦ ምሰሶዎቹስ?

መሐንዲሱ፦ እነሱማ ጧት ቦታቸው ላይ ነበሩ። ባዶ ሜዳ ያልከው የእማዬ መሬት ነው። ቤቱም ቅድም ለአንድ አፍታ ቦታው ገብቶ ነበር፤ አንተው መልሰህ አወጣኸው።

እኔ፦ እና አፍ የለህም? ለምን አልነገርከኝም?

መሐንዲሱ፦ እህቴ ናታ። “ሲያስረዳ አታቋርጠው፣ ሲደክመው ራሱ ይደርስበታል” ብላኛለች።

[በሩ ተንኳኳ። የእማማ ሳል ተሰማ።]

እኔ፦ ጉዴ ፈላ! እጅህን አውጣ፣ እርዳኝ! ከየት ልነሳ?

መሐንዲሱ፦ ከሱቁ፣ ጋሼ። መጀመሪያ ግን ሱቁን ወደ ቦታው መልሰው።