ለባቡሬ መብራት ሳስገባ

ዕድሜው አርባን ያለፈ ወንድ ሁሉ ቤቱ ውስጥ አንድ የማይረባ ዕቃ አለው። «እኔ የለኝም» የምትል አንባቢ... ሚስትህን ጠይቃት! ዘርዝራ ትነግርሃለች።

የእኔው ባቡር ነው። ከጎንደር አሮጌ ዕቃ ተራ ያገኘሁት፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ሦስት ፉርጎ የሚጎትት አሻንጉሊት። «አንተ ያለህባት ደባርቅና ባቡር ምን አገናኛቸው? በዚያ የሚያልፈው የሽሬ አውቶብስ ነው» ብላችሁ ታፌዙብኝ ይሆናል። አፊዙ! እኔ ሐዲዱን ሳሎን መሃል ዘርግቼ ሲዞር ሳየው ደስ ይለኛል። ሚስቴን ትርንጎን ግን ደስ አላላትም።

«ቅዳሜ አባባ ለገበያ ሲመጡ ይዩት» አለች። «እሳቸው ቁም ነገር ነው ካሉ ይቀመጥ። የልጅ መጫወቻ ነው ካሉ ግን በዚያው ዕለት ካርቶን ውስጥ ይገባል!»

አማቴ የዳባት ገበሬ ናቸው፤ እሳቸው ከፈረዱ ይግባኝ የለም። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባቡሬን ቁም ነገር ማስመሰል ነበረብኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩና... መብራት! መስኮቶቹ ሁሉ ቦግ ብለው ቢያዩት ማን የልጅ መጫወቻ ይለዋል?

ብልሃቱ ቀላል ነው። ሞተሩን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ የሚመጣው በሐዲዱ ላይ ነው። ከፉርጎው የብረት ጎማ በቀጭን ሽቦ ትንሽ ጠልፎ፣ ጣሪያው ሥር ወዳለች አምፑል ማድረስ ብቻ ነው። ቀላል ነው አልኳችሁ? መጀመሪያ ሾርት አደረገ። ቀጥሎ ስበይድ አውራ ጣቴን ጠበስኩት። በሦስተኛው ቀን በራ... ግን ወደፊት ሲሄድ ብቻ! ወደ ኋላ ስመልሰው ድርግም! ለካ ባቡሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ኤሌክትሪኩም ይገለበጣል፤ እነዚህ ጥቃቅን አምፑሎች ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ካልመጣላቸው አይበሩም።

«ሲሄዱ በብርሃን፣ ሲመለሱ በዳበሳ?» አለች ትርንጎ፣ ሳቋን ለመደበቅ እንኳ ሳትሞክር።

የባጃጅ መብራት የሚሠራው ጎረቤቴ ደረሰልኝ። በየአምፑሉ ፊት ኤሌክትሪኩ ከየትም ቢመጣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመልሱ አራት አራት ዳዮድ አስገባልኝና፣ ባቡሬ ሲሄድም ሲመለስም የሚያበራ ሆነ። ዓርብ ማታ ትርንጎ ያዘጋጀችለትን ካርቶን በእግሬ ገፋ አደረግኩት።

ቅዳሜ አማቴ መጡ። አስቀመጥኳቸው፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ አስነሳሁት። ቦግ! ሦስቱም ፉርጎዎች እያበሩ ከቡፌው ሥር ብቅ አሉ። አማቴ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ ሲያዩ ቆዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ባዶውን ነው እንዴ የሚሄድ?»

«መብራቱን ይዩልኝ እንጂ፣ አባባ።»

«መብራቱማ ነው ያጋለጠህ! አንድ ነፍስ እንኳ የለበትም። እኔ ዛሬ ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታኝ ረፍዷል፤ ያንተው ወንበሩን ሁሉ ባዶ ትቶ ይከንፋል? አቁመው!»

አቆምኩት። ልቤም አብሮት ቆመ። ካርቶኑ ታየኝ።

አማቴ ግን ከገበያ የገዙትን ሽምብራ ከከረጢት ዘገኑ። የፉርጎውን ጣሪያ አስከፈቱኝና በየወንበሩ አንዳንድ ፍሬ ማስቀመጥ ጀመሩ። ወንበሩ ሲሞላ ወደ መተላለፊያው ዞሩ።

«አባባ፣ ትርፍ ነው!»

«ትርፍ ሳይጭን የሄደ መኪና የት አይተህ ታውቃለህ፣ የኔ ልጅ?»

ይባስ ብላ ትርንጎ ከጓዳ ምስር ይዛ መጣች። «እነዚህ ልጆች ናቸው፤ ይታቀፋሉ» ብላ ከሽምብራዎቹ አጠገብ ደረደረቻቸው። አባትና ልጅ ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

በመጨረሻ አማቴ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። «ይኸ ቁም ነገር ነው!» ብለው ፈረዱ። ጮቤ ረገጥኩ! አሁን መብራቱን በደንብ ላሳያቸው ማስነሻውን ልጫን ስል እጄን ያዙኝ።

«ቆይ እንጂ! አንድ ሰው ይቀረዋል።»

አንድ ሽምብራ ጨመርኩ። ትርንጎ ደግሞ በበሩ በኩል ሌላ ክፍት ቦታ አገኘች። አንድ ሰው የቀረው መኪና ሲሞላ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ይኸው ባቡሬ ሳሎን መሃል በክብር ተቀምጧል፤ ቡፌው እንኳ ቦታ ለቆለታል። መብራቱን ግን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም፤ ሐዲዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚመጣው ባቡሩ ሲነሳ ነዋ! እኔም በቀን ሁለቴ ሦስቴ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ወደ ማስነሻው ጠጋ እላለሁ። ወዲያው ከጓዳ የትርንጎ ድምፅ ይመጣል፦

«አንድ ሰው የቀረው!»