የባሕር ፍጡራን ወዳጆች ማኅበር አርባ አራተኛው መስመር

ባሕር ውስጥ መጥለቅማ ማንም ይጠልቃል፤ ድንጋይም ይጠልቃል። ከመጥለቅ በፊት መስመር መምረጥ ግን ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ የእኛ የባሕር ፍጡራን ወዳጆች ማኅበር ደግሞ በዚህ ጸጋ የታደለ ነው። በደቡብ ታይዋን የሚያህለን የለም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት የጉዞ መስመሮችን በጥልቀት መርምረናል። በእነዚህ ሁሉ መስመሮች ላይ አንድም አባል አልሰጠመም፣ አልቆሰለም፣ ኧረ እንዲያውም አልረጠበም። እንዲህ ያለ የደኅንነት ታሪክ ያለው የጠላቂዎች ማኅበር ካለ ወዲህ በሉኝ! እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ የምናገረው ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል።

ዘንድሮ ይህን ሰላማችንን ያናጉት መምህርት ያን ሹ-ሚ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳይንስ አስተምረዋል፤ እኔንም አስተምረውኛል። የመዶሻ ራስ ሻርክን ሥዕል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰቅለው ሲያስረዱ፣ በየዓመቱ አንድ ነገረኛ ልጅ ይነሣና «መምህርት፣ እርስዎ አይተውታል?» ይላቸዋል። «አላየሁም» ይላሉ፤ ፊታቸው ቲማቲም ይመስላል። ጡረታ ሲወጡ በስድሳ አንድ ዓመታቸው መጥለቅ ተማሩ። አሁን ስድሳ ስድስት ሞላቸውና ሐኪማቸው ቁርጡን ነገራቸው፤ ለመጥለቅ የሚያስፈልገው የጤና ወረቀታቸው እስከ ማርች መጨረሻ ያገለግላል፣ ከዚያ በኋላ አይፈረምም።

በጃንዋሪው ስብሰባ ተነሥተው ቆሙ።

«ልመናዬ አጭር ነው። አረንጓዴ ደሴት እንሂድ። መዶሻ ራሶቹ ውኃው ሲበርድ በመንጋ እዚያ ይመጣሉ፣ ሲሞቅ ይሄዳሉ። በመርከብ አንድ ሰዓት አይሞላም።»

ሊቀ መንበራችን ክቡር ፓን ዩንግ-ፉ የሞተር ብስክሌት ነጋዴ ናቸው። ከሻይ ቴርሞሳቸው አንዴ ፉት አሉና «ግሩም ሐሳብ ነው» አሉ። «ግሩም ስለሆነ ቸኩለን አናበላሸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

የጥርስ ሐኪሙ ሺ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ትንሿ ሊዩቺዩ ደሴት ትሻላለች ባይ ነኝ። ኤሊ ሞልቷል።»

«ኤሊ ይበላል?»

«ኧረ በሕግ የተከለከለ ነው ሊቀ መንበር!»

«ታዲያ ምን ልናደርግ እናየዋለን?»

ይህ በቃለ ጉባኤው ላይ «ሊቀ መንበሩ ስለ ኤሊዎች ጥበቃ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ጠየቁ» ተብሎ ሰፍሯል። ወዲያውም የምሥራቅ መስመር ንዑስ ኮሚቴ፣ የደቡብ መስመር ንዑስ ኮሚቴና ሁለቱን የሚያስታርቅ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋሙ። ስብሰባው በየሳምንቱ በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሆን፣ መሀል ላይ ሁልጊዜ በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ ይጋደማል። ወገኖቼ፣ ስለ ባሕር ፍጡር ሲወያዩ የባሕር ፍጡሩን በአካል ማስገኘት ደግ አሠራር ነው። መምህርት ያን ግን ምግቡን አይነኩም፤ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ብቻ ያያሉ።

ማርች ገባ፤ ንዑሳን ኮሚቴዎቹም ሊደባደቡ ደረሱ። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ መቱ። «በቃ! የባሕር እናት ማጹ ትፍረደን!»

ተሰብስበን ቤተ መቅደስ ሄድን። ፍርዱ የሚጠየቀው በሁለት ግማሽ ጨረቃ መሳይ እንጨቶች ነው፤ አንድ ወገናቸው ጠፍጣፋ፣ አንድ ወገናቸው ጎባጣ። ሲወረወሩ አንዱ ጠፍጣፋውን፣ ሌላው ጎባጣውን ካሳየ «እሺ» ነው። ሁለቱም ጎባጣቸውን ካሳዩ «እምቢ» ነው። ሁለቱም ጠፍጣፋቸውን ካሳዩ ግን እናት ማጹ እየሳቀች ነው። «እሺ» የሚጸናው ሦስት ጊዜ ሲከታተል ነው።

ሊቀ መንበሩ ተንበረከኩ። «እናታችን ሆይ፣ ፓን ዩንግ-ፉ ነኝ፤ ቤቴ ከሞተር ብስክሌት ሱቁ ጀርባ ነው። አረንጓዴ ደሴት እንሂድ?»

ሳቀች። ደገሙ፤ ሳቀች። ትንሿ ሊዩቺዩ? ሳቀች። ደቡብ ጫፍ? ሳቀች። ዘጠኝ ጊዜ ተወረወረ፣ ዘጠኝ ጊዜ ሳቀች። ዕጣን ሻጩ ሽማግሌ ሥራቸውን ትተው መጡ።

«አርባ ዓመት እዚህ ስቀመጥ እንዲህ ስትስቅ አይቼ አላውቅም» አሉ። «መልሱን እያወቁ ለሚጠይቋት ነው የምትስቀው።»

«የለም፣ ደስ ብሏት ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ፤ ላባቸውን ጠርገውም ጥያቄውን አሻሻሉ። «እናታችን፣ አሥራ አንዳችን ወደ አንድ ቦታ ሄደን አንድ ደስ የሚል ነገር ብናይ ትፈቅጃለሽ?»

እሺ። እሺ። እሺ። ጭብጨባው ቤተ መቅደሱን አናወጠው፤ ይህን ማን እምቢ ይላል?

መምህርት ያን ወደ ፊት ተጠጉ። «የት ተባለ?»

«አንድ ቦታ።»

«እኮ የት?»

«ዝርዝሩ ለኮሚቴ ተመርቷል መምህርት።»

ኮሚቴው ዝርዝሩን ሲያጠና ሁለት ሳምንት አለፈና በማርች ሃያ ስድስት በአውቶቡስ ተነሣን። የተመረጠው መስመር የአረንጓዴ ደሴቱ መርከብ እስከሚነሣበት የምሥራቅ ወደብ ድረስ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው «እንደ ሁኔታው» ተብሎ ጸድቋል። መምህርት ያን የመጥለቂያ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ታቅፈው መንገዱን ሁሉ ሲያንጎራጉሩ ሄዱ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ወደቡ ላይ አንድ የታወቀ ምግብ ቤት አለ። በሩ ላይ የመስታወት ገንዳዎች ተደራርበዋል፤ ሎብስተሩ፣ ሸርጣኑ፣ ኦክቶፐሱ፣ ነጠብጣባሙ ዓሣ ሁሉም በሕይወት አለ። አባላቱ መስታወቱ ላይ ተለጠፉ።

«ይኸኛውስ?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«በዝንጅብል፣ በእንፋሎት» አሉ ሐኪሙ ሺ፣ ጥርስ በሚያዩበት ባትሪ እያበሩ። «ያኛው ግን ጥብስ ነው። ሃያ ስምንት ዓይነት ቆጠርኩ! የውኃ መነጽር እንኳ አላስፈለገንም!»

መምህርት ያን ሰዓታቸውን አዩ። «ሊቀ መንበር፣ የሰባት ሰዓት ተኩሉ መርከብ ሊሄድ ነው።»

«ይቀመጡ እንጂ መምህርት! ሸርጣኑ መጣ እኮ።»

«ሻርኮቹስ?»

ሊቀ መንበሩ ወደ ምግብ ቤቱ ባለቤት ዞሩ። «እመቤት፣ ሻርክ አለ?»

«የተጨሰ አለ፤ ገና ዛሬ የመጣ።»

«ይኸው! ሌላ ምን ጎደለ?»

መምህርት ያን ሻንጣቸውን አነሡ። «ካላዩበት ዓይን ግንባር ነው ይባላል። እኔ ሁለት ግንባር ይዤ አልቀበርም!» ብለው ወጡ። ማንም አልተነሣም። እውነቱ ይታወቅ ከተባለ፣ እኔ ወንበሬን ገፋ አድርጌ ነበር። ሎብስተሩ ሲመጣ መልሼ ሳብኩት።

በሁለተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ።

«አየኋቸው!» አሉ፤ እያለቀሱ ይስቃሉ። «በላዬ ላይ አለፉ፣ መንጋው ሁሉ! እስከ ስድሳ ቆጠርኩና ተውኩት። ብርዱ አጥንቴ ገብቷል፣ ጣቶቼ አይታዘዙኝም፣ ግን ፎቶ አነሣሁ። አለቀስኩ ልጄ። መነጽር ውስጥ ማልቀስ ደግሞ አጉል ነው፣ አፍንጫ አይጠረግም።»

እኔም እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው። ቢሆንም ጸሐፊ ነኝና ለማኅበሩ አሳወቅሁ፤ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«ሥነ ሥርዓት ተጥሷል!» አሉ ሐኪሙ ሺ። «ባልተመረጠ መስመር የባሕር ፍጡር ታይቷል። ይባረሩ!»

ሊቀ መንበሩ ፎቶውን ትክ ብለው አዩት። ሰማያዊው ውኃ በመዶሻ ራሶች ተጨናንቋል።

«ረጋ በሉ» አሉ። «ይኼን ያህል ሻርክ አንድ ሰው ብቻውን ሊያይ አይችልም። ይኼ የማኅበር ሥራ ነው።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በኤፕሪል የምሥረታ በዓላችን ላይ፣ የመምህርት ያን ፎቶ ግድግዳ አክሎ ተሰቀለ፤ በላዩ «አርባ አራተኛው መስመር፦ ታላቅ ድል» ይላል። አሥራችንም ከሻርኮቹ መሀል ተለጥፈናል። ሊቀ መንበሩ በውኃ ውስጥ የተነሡት ሌላ ፎቶ ስላልተገኘ ፍል ውኃ ሲታጠቡ ከተነሡት ፎቶ ላይ ተቆርጠው መጡ፤ ፎጣቸው አናታቸው ላይ ነው፣ ፊታቸው ቀልቷል። መምህርት ያን ፎቶው ውስጥ የሉም፤ ካሜራውን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ከንቲባው ለሊቀ መንበሩ ዋንጫ ሸለሙ።

መምህርት ያን ተጋብዘው መጡ። የጤና ወረቀታቸው ካለፈ ሳምንቱ ነበር፤ ከእንግዲህ አይጠልቁም። ፎቶው ሥር ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። እኔም ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

«የቱ ነህ አንተ?»

«ከግራ ሦስተኛው፤ ከክንፉ አጠገብ።»

አልተቆጡም። ድሮ ክፍል ውስጥ ይጠይቁኝ እንደነበረው ለስለስ አድርገው ጠየቁኝ። «እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ ውኃው እንዴት ነበር?»

ሊቀ መንበሩ ዋንጫቸውን ታቅፈው ከኋላችን ደረሱ።

«ሙቅ ነዋ!» አሉ። «በጣም ሙቅ!»

ከንቲባው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህርት ያን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም።

«ሙቅ ነበር» አልኩ።