የአንድ ሚሊዮን ቅርጫ

ማካፈል ላይ ከእኔ ከትርንጎ ወዲያ ላሳር! ትምህርት ያቆምኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም የሰፈራችን ሰው በሬ ገዝቶ ለቅርጫ ሲያርድ ሥጋውን በየቅጠሉ የምመድበው እኔ ነኝ። ለስንትም ቤት ይሁን፣ አንዲት ብጣሽ አትተርፈኝም።

ለዛሬ ፋሲካ አጥቢያ ታዲያ ምን አይነት ሕልም ባይ ጥሩ ነው? በሬዎቹ አራጅ፣ እኛ ታሳሪ ሆነን አረፍነው። ሰፈርተኛው ሁሉ በየካስማው ታስሯል። እናቴ እንኳ ጥጓን ይዛ ጭድ ታመነዥካለች። ሰባት በሬዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ቅርጫቸውን ይጠብቃሉ። የሚታረደው ደግሞ ቁጥር ነው፦ አንድ ሚሊዮን! አንዱ ከፊት፣ ስድስቱ ዜሮ ከኋላው እየተንከባለሉ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣» አለኝ ሊቀመንበሩ ቦራ፣ ጋቢውን እያስተካከለ፣ «ይሄን ለሰባታችን እኩል መድቢ። አንድ እንኳ ከተረፈ አንቺን ነው የምንመድብ።»

«ይሄማ ለእኔ ምኔም አይደል፣ ጋሼ ቦራ!» አልኩና ካራዬን ሳልኩ።

ለእያንዳንዱ መቶ አርባ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሰባት አደረስኩ። አንድ ተረፈ። ቁጭ ብሎ ያየኛል።

«ተካፋይ ይጨመር!» አልኩ።

ቦራ አንድ ዘመዱን ጠራ። በሬ ያለ ጥማዱ መቼ ይመጣል? ሁለት ሆነው መጡ። ለዘጠኝ መደብኩ፣ አንድ ተረፈ። ሌላ ጥማድ መጣ። ለአሥራ አንድ መደብኩ፣ አሁንም አንድ! ለአሥራ ሦስትም ሞከርኩ። ያው አንድ! ቆሽቴ አረረ።

«ምን ዓይነት ቁጥር ነህ አንተ? ያን ሁሉ ዜሮ ጎትተህ መጥተህ በአንድ ታቃጥለኛለህ?»

«ተፈጥሮዬ ነው፣ ምን ላድርግሽ?» አለኝ ሚሊዮን ከየቅጠሉ ላይ ሆኖ። «ቶሎ በይ እንጂ፣ ዜሮዎቼን ዝንብ ወረራቸው።»

«እናንተስ ለምን ሁለት ሁለት ትመጣላችሁ?» ብዬ በሬዎቹ ላይ ጮኽኩ። «የተጨመሩት ይሂዱና ሰባታችሁ ላይ አንድ ብቻ ጨምሩ! ለስምንት ልክ ይወጣል!»

በሬዎቹ ሁሉ ወደ ቦራ ዞሩ። ቦራ ጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ አየት አደረገ።

«ስምንተኛው የእኔ ጥማድ ነበር። አምና ለፋሲካ መደብሽው።»

«ለእኔ እኮ አጥንቱ ነው የደረሰኝ!» ብል ማን ሰምቶኝ! አሥራ ሦስት ቅጠል ተነጠፈ። ሁለቱ እግሬን ያዙ፣ ቦራ ካራዬን ነጠቀኝ።

«እማዬ!»

«ዝም በይ፣» አለችኝ እናቴ ጭዷን እያላመጠች፣ «ትንሽ ስለሆንሽ ቶሎ ታልቂያለሽ።»

«ለስምንት! ለስምንት!» እያልኩ ባነንኩ። ፀሐይ ወጥታለች። በደጃችን ሰው ሁሉ ሥጋውን በፌስታል አንጠልጥሎ ወደየቤቱ ይገባል። እናቴ በር ላይ ቆማለች።

«እማዬ! ቅርጫውን ማን መደበው?»

«የጎረቤታችን የዘውዴ ሚስት። ተነሺና ጨጓራ እጠቢ። ዘንድሮ እንኳ ሰዉ ሳይጣላ ተካፈለ።»