ክቡር ድገሙት እና ጥቁሩ ክሪስታል

በየትኛውም መሥሪያ ቤት፣ ሰው እፎይ ሊል ሲል «እስቲ አንዴ ድገሙት» የሚል ሰው አይጠፋም። መብራት ይጠፋል፣ ውሃ ይጠፋል፣ የቢሮ ቁልፍ ይጠፋል፤ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም።

በአንድ ቤተ ሙከራ ለምትመራመር ኬሚስት የደረሷት የመለኪያ ክፍሉ አንጋፋ ቴክኒሻን ነበሩ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ያለ እሳቸው ፊርማ አንድም ውጤት ከዚያ ክፍል አይወጣም። ሠራተኛው ሁሉ «ክቡር ድገሙት» ይላቸዋል። የግድግዳው ሰዓት ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ከፊቱ ተቀምጠው ዋሉ ተብሎም ይታማሉ።

እሷ የምትሠራው ኦክሲቦሬት በሚባል፣ ከብረታ ብረት፣ ከቦሮንና ከኦክስጅን በተገነባ ጥቁር፣ መርፌ መሳይ ክሪስታል ላይ ነበር። ከውስጡ ጥቂት ኮባልት አስወጥታ በቦታው ማንጋኒዝ ትተካለች፤ ከዚያ አተሞቹ እንዴት እንደተሸጋሸጉ በኤክስሬይ ታያለች፣ ማግኔትነቱን ትለካለች። ምድጃው ቀስ እያለ ቀዝቅዞ ክሪስታሉ እስኪበቅል ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

የመጀመሪያው ውጤት ሊያስጨፍራት ደረሰ። ማግኔትነቱ ይጠፋል ከተባለበት ሙቀት አልፎ፣ ሙቀቱ እጥፍ ሆኖም አልለቀቀም። ክቡርነታቸው ግራፉን አገላብጠው አዩና «ድገሚው» አሏት። ደገመችው፤ ያው ሆነ። «አሁንም ድገሚው።» የምርምር ጊዜዋ ሊያልቅ አምስት ወር ቀርቷታል፤ ደሟ ፈላ። አለቃዋ ዘንድ ሄዳ ሥራዬን እያደናቀፉ ነው ብላ ከሰሰቻቸው። አለቃዋ ትንሽ ታገሺያቸው ብሎ ሸኛት።

ለሦስተኛው ዙር ክሪስታሉ የሚበቅልበትን ጥሬ ዕቃ ልትወቅጥ ስትሄድ ሁልጊዜ የምትወቅጥበት የብረት ሙቀጫ የለም። ክቡርነታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት፣ በምትኩ የድንጋይ ሙቀጫ አስቀምጠዋል። ጥርሷን ነክሳ በእሱ ወቀጠች። ሁለት ሳምንት ጠብቃ ለካች። ያ ሁሉ ማግኔትነት የውሃ ሽታ ሆነ።

የሦስቱን ዙር ግራፎች ጎን ለጎን ዘረጋች። ቆይቶ ገባት። በፊተኞቹ ሁለት ዙሮች የኮባልቱን ቦታ የያዘው ማንጋኒዙ ብቻ አልነበረም። ከሙቀጫው የተፋቀ ብረት ሾልኮ ገብቶ፣ የራሱን ቦታ መርጦ ተቀምጦ፣ ጎረቤቶቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ማግኔትነቱን ያጠነከረው እሱ ኖሯል።

ሳታንኳኳ ክፍላቸው ገባች።

«ያውቁ ነበር አይደል?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«በጥርጣሬ ሥራሽን ላጣጥል፣ ልጄ? ራሱ ክሪስታሉ ይንገርሽ ብዬ ነው።»

የራሷ መሳሳት ያናድዳል፤ የእሳቸው ልክ መሆን ግን አንጀት ያሳርራል። በሩን ዘግታ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ በንዴት አለቀሰች። በማግስቱ ብረቱን ሆን ብላ፣ በሚዛን እየለካች መጨመር ጀመረች። የወጣላት ውጤት ከፊተኛውም በለጠ።

የምርምር ጽሑፉ ሲሰናዳ ከአዘጋጆቹ ተርታ የእሳቸውንም ስም አሰፈረች። አለቃዋ የቴክኒሻን ስም ከተመራማሪ ጎን አይገባም ብሎ ሰረዘው። ክቡርነታቸው ላይ ስድስት ሳምንት ሙሉ ያጠራቀመችው ቁጣ ሁሉ በአለቃዋ ላይ ዞረ። ድምጿን ግን ከፍ አላደረገችም።

«የእሳቸው ከወጣ የእኔም ይውጣ።»

ስሙ ተመለሰ።

የታተመ ዕለት ክቡርነታቸው ወረቀቱን ይዘው ቢሮዋ በር ላይ ቆሙ። ምስጋና የጠበቀች ሞኝ እሷ ናት። ሁለተኛው ሰንጠረዥ ላይ አንዲት ነጥብ ያለቦታዋ መግባቷን በጣታቸው አሳዩአት። ንዴቷ እንደገና ግንባሯ ላይ ወጣ። ቢሆንም ብድግ አለች፤ ወንበሩ ላይ የተከመሩትን መጻሕፍት ወለል ላይ አወረደችና እንዲቀመጡ ሳበችላቸው።